ዳሽቦርድ ላይ ፀሐይ የሚሞቁት ባትሪዎች

የምሠራው ኦክላንድ፣ ቬፕ፣ ማለት በባትሪ የሚሠራ ሲጋራ፣ የሚሸጥ ሱቅ ውስጥ ነው። እናቴ ለቤተ ክርስቲያን ሰዎች «ኤሌክትሮኒክስ ቤት ናት» ትላቸዋለች። አልዋሸችም፤ ግማሹን ነው የነገረቻቸው። ከባንኮኒው ጀርባ ሁለት ዓመት ቆሜያለሁ። ቆሜያለሁ ስል አንድ ቦታ መቆም ስለማልችል መደርደሪያውን በቀን አራቴ አራግፌ እንደገና ደርድሬያለሁ ማለቴ ነው።

ጀማሪን ገና ከበሩ አውቀዋለሁ። እጁን ኪሱ ከትቶ፣ መስታወቱን እንደ ሙዚየም እያየ ይገባል። ጥያቄውም አይለወጥም። «ማንጎ አለ?» የለም፤ ጣዕም ያለው መሸጥ ተከልክሏል፤ ማንጎ ካማረህ ፍራፍሬ ቤቱ ከመንገዱ ማዶ ነው። «ሲጋራ ለማቆም ይረዳል?» አንዳንዱን ረድቶታል፣ አንዳንዱ ደግሞ ሁለቱንም ይዞ ቀርቷል። ጭራሽ የማታጨስ ከሆነ ግን ይሄንንም አትጀምር፣ ሂድ ወደ ቤትህ። እንዲህ ስል አለቃዬ ከሰማኝ ፊቱን በሁለት እጁ ይሸፍናል። የመጨረሻው ጥያቄ የሚመጣው ድምፅ ተቀንሶ ነው፦ «ይፈነዳል?»

የሚፈነዳው ባትሪው ነው። መደበኛው ቬፕ ውስጥ ትንሽ ቺፕ አለች። ባትሪው ሲግል፣ ሽቦው ሲነካካ፣ ሰውየው ሲሳሳት ቶሎ ታጠፋዋለች። ሜካኒካል የሚባለው ግን ቺፕ የሚባል ነገር የለውም። ባዶ የብረት ቱቦ ነው፤ ከታች መጫኛ ቁልፍ፣ መሃል ላይ ባትሪ፣ ከላይ ኒኮቲን ያለበት ፈሳሽ የጠጣ ጥጥ የተወተፈበት የሽቦ ጥቅልል፣ ኮይል የምንለው። ቁልፉን ስትጫኑት የባትሪው ጉልበት እንዳለ ኮይሉ ላይ ይወርዳል። መሃል ገብቶ «ኧረ ቀስ» የሚል የለም። ስለዚህ ጀማሪ ሜካኒካል አሳዪኝ ሲለኝ «ከዓመት በኋላ ተመለስ» እለዋለሁ።

ይሄን ሕጌን ያፈረስኩት ለአንድ ሰው ብቻ ነው። ለአጎቴ።

አጎቴ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ሄይዋርድ ይኖራሉ፤ ከኤርፖርት ከተማ፣ ከከተማ ኤርፖርት ሰው ሲያመላልሱ ይውላሉ። ሠላሳ ዓመት አጭሰዋል። ጋሼ ነው የምላቸው። የት እንደምሠራ እናቴ ለሳቸውም ስላልነገረቻቸው፣ አንድ ቀን ከሰዓት የሱቁን በር ገፍተው ሲገቡ ሁለታችንም ክው አልን።

«አንቺ! ኤሌክትሮኒክስ ቤት የተባለው ይሄ ነው?»

«ይሰካል፣ ይበራል። ምን ጎደለው?»

«እናትሽ ታውቃለች?»

«እርስዎ እዚህ እንደመጡስ ታውቃለች?»

ሳቁ። ተስማማን ማለት ነው።

የመጡበትን ነገር ባንኮኒው ላይ ተደግፈው አጫወቱኝ። ሳን ሆዜ የምትኖረው ልጃቸው ከወለደች ሦስት ሳምንቷ ነበር። ለሳቸው የመጀመሪያዋ የልጅ ልጅ፣ ሴት። ሊጠይቁ ሲሄዱ ሸሚዝ ቀይረዋል፣ እጃቸውን እስከ ክርናቸው ታጥበዋል፣ መንገዱን ሙሉ ማስቲካ አኝከዋል። ልጃቸው በር ላይ አንዴ አሸተተቻቸውና ሕፃኗን ደረቷ ላይ ለጠፈቻት። የአጎቴ ልጅ እዚሁ ነው ያደገችው፤ አማርኛ አንድም አያመልጣትም፣ የምትመልሰው ግን በእንግሊዝኛ ነው። «ኖ፣ ዳድ» አለቻቸው። «ኖት አንቲል ዩ ኩዊት።» ሲጋራ እስኪያቆሙ አይይዟትም ማለቷ ነው።

«ክርስትናዋ በሰማንያ ቀኗ ነው» አሉኝ አጎቴ። «ከመኪናው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ይዣት የምሄደው እኔ ነኝ። የእናቷ ክርስትና ቀን ሺፍት ላይ ነበርኩ። በፎቶ ነው ያየሁት። ይቺን ግን በፎቶ አላይም። ሃምሳ ዘጠኝ ቀን አለኝ።» ከዚያ ኪሳቸውን ዳበሱና አንድ ነገር ባንኮኒው ላይ ቁጭ አደረጉ። «እና ይሄን ገዛሁ።»

ሜካኒካል ነበር። ሾፌሮች ኤርፖርት አጠገብ ተራ የሚጠብቁበት ፓርኪንግ ውስጥ ከመኪና ኋላ የማይሸጥ ነገር የለም፤ ከዚያ ነው ያመጡት።

«ኮምፒውተር የለውም» አሉ በኩራት። «ኮምፒውተር ያለው ነገር አንድ ቀን ያኮርፍሻል። ይሄ ብረት ነው። ብበትነው መልሼ እገጥመዋለሁ።» አዲስ አበባ ታክሲ ሲነዱ የመኪናቸውን እያንዳንዱን ብሎን በስም የሚያውቁ ሰው ነበሩ ይባላል።

አንስቼ ፈታሁት። ከባድ፣ የመዳብ፣ ቆንጆ ዕቃ ነው፤ አልዋሽም። ውስጡ ግን ሌላ ነው። የባትሪው ሽፋን ላስቲክ ተልጦ በጥቁር ናስትሮ ተጠቅልሏል። ኮይሉን መለኪያው ላይ ሳስቀምጠው ነጥብ አንድ ሁለት ኦም አለኝ።

«ጋሼ፣ ይሄን ተጭነውታል?»

«ትናንት አንዴ። ሞቀብኝ።»

«ይዘውት የሚዞሩትስ የት ነው?»

«ኪሴ ነዋ።» ከቁልፋቸው ጋር፣ ከሳንቲማቸው ጋር።

አሥረኛ ክፍል፣ ለሦስት በምንቀመጥበት ዴስክ ላይ ከተማርኩት ፊዚክስ ጭንቅላቴ ውስጥ የቀረው አንድ ነገር ነው፤ ቮልቱን ለኦሙ አካፍል። ኮሌጅ አልገባሁም፣ ማካፈሉ ግን እንጀራ ሆነኝ። ካርቶን ላይ ጻፍኩላቸው። ሞልቶ የመጣ ባትሪ አራት ነጥብ ሁለት ቮልት ነው። ለነጥብ አንድ ሁለት ሲካፈል ሠላሳ አምስት አምፔር። ባትሪው እችላለሁ የሚለው ሃያ።

«ሃያ ሰው በሚይዝ መኪና ሠላሳ አምስት ሰው ጭነዋል» አልኳቸው።

«እንዲያ ጭኜ ስንት ዓመት ነድቻለሁ!»

«ያኔ መኪናው ኪስዎ ውስጥ አልነበረም።»

ቺፕ ያላትን ትንሿን ቬፕ ከመስታወቱ ሥር አውጥቼ ይቺን ይያዙ አልኳቸው። እንደ አሻንጉሊት አዩዋት። «ይቺ የልጅ ናት። እሱን አስተምሪኝ። መኪና በሦስት ቀን ነው የለመድኩት።»

ያጠፋሁት እዚህ ጋ ነው። እምቢ ማለት ነበረብኝ። ግን ከዘመድ ወገን ሰው ሁሉ ሲያገኘኝ «ኮሌጁስ?» ይለኛል እንጂ የማውቀውን ነገር ጠይቆኝ አያውቅም። እንዲህ ያሉ ትልቅ ሰው ባንኮኒዬ ላይ ቆመው «አስተምሪኝ» ሲሉኝ ጭንቅላቴ ዞረ።

ሦስት ቀን ሙሉ ሥራቸውን አቋርጠው መጡ። ጥያቄያቸው አያልቅም።

«ናስትሮው ምን አደረገሽ? መብራት ኃይልም የሚጠቀመው እሱን ነው።»

«የባትሪው ገላ በሙሉ ኔጌቲቭ ነው፣ ጋሼ። ፖዘቲቩ አናቱ ላይ ያለችው ነጥብ ብቻ ናት። ሁለቱን የሚለያቸው ይቺ ስስ ላስቲክ ናት። እሷ ስትቀደድና ቱቦው ሁለቱንም ሲነካ ባትሪው ራሱን ያቃጥላል።»

«እንደ አፓርታማዬ ግድግዳ ናት በያ። ስስ ናት ግን ከጎረቤቴ ጋር ያላጣላችኝ እሷ ናት።»

«እንዲያ ይያዙት።»

«እነዚህ ቀዳዳዎችስ? አቧራ እንዳይገባ ልድፈናቸው ብዬ ነበር።»

«እንዳይነኳቸው! ባትሪው ከተበላሸ የሚተነፍስባቸው ናቸው። ከደፈኗቸው ቱቦው ራሱ ነው የሚሄደው፣ የሚሄደው ደግሞ ወደ ፊትዎ ነው።»

«ቁልፉን መቆለፍ ብረሳስ?»

«ሱሪዎ ያስታውስዎታል።»

ኮይሉን እኔው ሠራሁላቸው፣ ባለ ግማሽ ኦም፤ አካፍለው ስምንት አምፔር ከምናምን መሆኑን ራሳቸው ነገሩኝ። አዲስ ሁለት ባትሪ፣ ፕላስቲክ ማስቀመጫ፣ ቻርጀር ሰጠኋቸው። ካርቶኑ ጀርባ ላይ በትልልቁ ጻፍኩ፦ ሽፋኑ የተቀደደ ባትሪ አይገባም። ባትሪ ብቻውን ኪስ አይገባም። የማይጫኑት ከሆነ ይቆለፍ። ኮይል ሲቀየር መጀመሪያ ይለካ። ቻርጅ ሲያደርጉ አጠገቡ ይሁኑ። ሕፃኗ ባለችበት አይሳብም፣ ፈሳሹም እጇ አይድረስ። ካርቶኑን መኪናቸው ውስጥ ከእመቤታችን ሥዕል ጎን ለጠፉት። ሲነዱ አይቼ ኮራሁ። እንዲህ የተሟላ ሕግ ማን ይጽፋል ብዬ።

ሁለት ሳምንት አለፈ። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አብረን አራሷን ልንጠይቅ ወደ ሳን ሆዜ ወጣን። እናቴ የላከችውን ምግብ በፎጣ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ ይዣለሁ። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ፀሐዩ በፊት መስታወት ገብቶ ጉልበቴን ያቃጥላል። መንገዱ ቆሞ ቆሞ ስለሚሄድ ሰለቸኝና ዓይኔ መኪናውን መዞር ጀመረ። ዳሽቦርዱ ላይ፣ መስታወቱ ሥር፣ ሁለት ባትሪዎች ጎን ለጎን ተኝተዋል።

«ጋሼ፣ እነዚህ ምን ያደርጋሉ እዚህ?»

«ደክመው ነው። ፀሐይ እያሞቅኋቸው ነው።»

መጀመሪያ የቀለዱ መሰለኝ። አንገቴን አስግጌ ሳይ አንደኛው ወገቡ ላይ ረድፍ የያዙ ጉድጓዶች አሉት። የጥርስ።

«ነክሰውታል?!»

«ትንሽ። ከጎኑ። ያንኛው አልተነከሰም።»

አገር ቤት ያደገ ሰው ይሄን ያውቀዋል። የሬዲዮ ድንጋይ ሲደክም ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ዜናው መሃል ላይ ካንቀላፋ ደግሞ ወጥቶ ይነከስና ይመለሳል፣ ሰዓቱን ያደርስልሃል። እኔም በልጅነቴ ነክሻለሁ። ለዚያ ድንጋይ ይሠራል። የኛ ባትሪ ግን ሊቲየም ነው፤ ሙቀት ጠላቱ፣ መጨምደድ ደግሞ ሞቱ ነው፣ ሲሞትም ብቻውን አይሞትም። ከባንኮኒዬ ፊት ለፊት ቆሞ «ባትሪውን ልንከሰው?» ብሎ የጠየቀኝ ደንበኛ ስላልነበረ ካርቶኑ ላይ አልጻፍኩትም።

«ይውጡ! የሚቀጥለው ኤግዚት ላይ ይውጡ!»

«ሳን ሆዜ ገና ነው እኮ።»

«ጋሼ ይውጡ አልኩ!»

ፍሪሞንት ላይ ወጣን። አንድ ትልቅ የግንባታና የአትክልት ዕቃ መደብር ፓርኪንግ ጥግ ላይ፣ ከሰው መኪና ራቅ ብለን ቆምን። በሮቹን ከፈትን። ጆሮዬን ጣልኩ፤ አያፏጩም። አሸተትኩ፤ ሲበላሹ የሚያወጡት የከረሜላ መሳይ ሽታ የለም። ፎጣውን ከምግቡ ላይ ፈትቼ አንድ በአንድ በሱ ይዤ አወጣኋቸውና ሲሚንቶው ላይ አራርቄ አስቀመጥኳቸው። ካፏጩ የአደጋ ጊዜውን ቁጥር፣ ናይን ዋን ዋን፣ ኮል አደርጋለሁ ብዬ ስልኬን ይዤ ወደ ኋላ ሸሸን። አሥር እርምጃ ላይ ቆመን፣ እኔ የምግቡን ዕቃ ታቅፌ፣ አጎቴ በነጭ ልብሳቸው፣ ሁለት ባትሪ ስንጠብቅ አንዲት አበባ በጋሪ የምትገፋ ሴት ምን እንደምናይ ጠየቀችን።

«ባትሪ» አሏት አጎቴ በትሕትና።

ጋሪዋን አዙራ ሄደች።

«ቻርጀር ሰጥቼዎት የለ? ለምን አልሰኩትም?»

«ቶሎ ቶሎ ሲሰኩት ያረጃል ይባላል። ልቆጥብ ብዬ ነው።»

«እና ደክሞ ጭሱ ሲቀጥንብዎ ምን ያደርጋሉ?»

ዓይናቸው ወደ መኪናው ሄደ፣ ወደ ፊተኛው መሳቢያ። ገባኝ።

«በቀን ስንት?»

«ሁለት።» ነጭ ልብሳቸውን አራገፉ። «አራት።»

ሄደው መሳቢያውን ከፈቱና ፓኬቱን አወጡ። አልከፈቱትም፣ በእጃቸው ያገላብጡታል። «አርባ ሁለት ቀን ቀረ» አሉ። «ዛሬም በር ላይ አሽትታ ትመልሰኛለች። ታዲያ ባጨስ ምን ለውጥ አለው?»

እኒህ ሰውዬ ሲቆጡ እንጂ እንዲህ ሲሆኑ አይቻቸው አላውቅም። እውነቱን ተናገርኩ።

«ጥፋቱ የኔ ነው። ለጀማሪ ሜካኒካል አይሰጥም፣ ለማንም አልሰጥም። አስተምሪኝ ሲሉኝ ደስ ብሎኝ ነው ያስተማርኩዎት። ጎበዝ ናት እንዲሉኝ።»

«ጎበዝ ነሻ።»

«ጎበዝ ብሆን ባትሪ ሲደክም ምን ያደርጋሉ ብዬ እጠይቅዎት ነበር። እኔ አምፔር ስቆጥርልዎት ነበር።»

ያቺ ትንሿ፣ ቺፕ ያላት፣ ከነማሸጊያዋ ቦርሳዬ ውስጥ ነበረች። ሐሳባቸውን ከቀየሩ ብዬ ከሱቅ ይዣት ስዞር ከርሜያለሁ። ሰጠኋቸው። መዳፋቸው ላይ አገላብጠው አዩዋት።

«ይቺስ ስትደክም ምን ትሆናለች?»

«ቀይ ታበራለች። ይሰኳታል። አይነክሷትም።»

መጀመሪያ ትከሻቸው ነው የሳቀው፣ ከዚያ ሆዳቸው። ፓኬቱን ሰጡኝ። እንዳይለውጡ ብዬ ወዲያው የውሃ ጠርሙሴን ከፍቼ አፈሰስኩበት።

«ኧረ ምን ሆነሻል! አልተከፈተም እኮ!»

«ለዚህ ነው።»

ባትሪዎቹ እስኪቀዘቅዙ አንድ ሰዓት ያህል ጠበቅን። ከመደብሩ የቆርቆሮ ባልዲና አሸዋ ገዝተን ቀበርናቸው፤ በማግስቱ የሞተ ባትሪ ወደሚቀበሉት ወሰድኩት። እሁድ ዕለት ግን አራስ ጥየቃ የሄድነው አሸዋ ይዘን ነው። ባልዲውን ግቢው ጥግ፣ ሲሚንቶው ላይ አስቀመጥነው። የአጎቴ ልጅ በሩን ከፍታ ባልዲውን አየች፣ እኔን አየች፣ አባቷን አሸተተች፣ ከዚያ ከኪሳቸው ብቅ ያለችውን ትንሿን ዕቃ አየች።

«ኢዝ ዛት ኤ ቬፕ? ሲሪየስሊ፣ ዳድ?»

እውነቷን ነው። ከሲጋራ ይሻላል ማለት ለሕፃን ንጹሕ አየር ነው ማለት አይደለም፤ ለደንበኛም የምለው ይሄንኑ ነው።

«ውጪ ብቻ ነው» አሉ አጎቴ። «እጄን እታጠባለሁ፣ ሸሚዝ እቀይራለሁ። ሲጋራ ዜሮ።»

«ዜሮ?»

«ዜሮ።»

ልጃቸው ሕፃኗን ወደ ሌላ ትከሻዋ አዞረችና በአማርኛ «እናያለን» አለች። እሷ በአማርኛ ከመለሰች ነገሩ የምር ነው። አጎቴ ያን ቀን ሕፃኗን ከሶፋው ማዶ ሆነው ነው ያዩዋት።

ከዚያ ስልኬ አላረፈም። «ቀይ በራች!» ይሰኳት። «ጉሮሮዬን ያዘኝ።» ሲጋራ አይደለም፣ በኃይል አይሳቡ፣ እንደ ትኩስ ሻይ ፉት ይበሉት። «ራሴን አዞረኝ።» ኒኮቲኑ በዝቶብዎት ነው፤ ያስቀምጧትና ውሃ ይጠጡ። በሦስተኛው ቀን ከፓርኪንጉ ደወሉ። ሾፌሩ ሁሉ ዙሪያቸውን ያጨሳል፣ ተራቸው ሩቅ ነው። «ዝም ብለሽ አውሪኝ» አሉ። አወራሁ። መደርደሪያውን ሁለቴ ደርድሬ እስክጨርስ፣ ስለ አለቃዬ፣ ስለ ማንጎ አወራሁ፤ እሳቸውም አንዴ እንኳ ስለ ኮሌጅ አላነሱብኝም። ተራቸው ደርሶ ስልኩን ሲዘጉ ጉሮሮዬ ደርቆ ነበር። ወር ሲሞላ የፈሳሹን ኒኮቲን ቀነስንላቸው። ተነጫነጩ፣ ለመዱ።

ፍሪሞንት ላይ የተቀበልኳቸውን የመዳብ ቱቦ አልመለስኩላቸውም። ባትሪም ቁልፍም የለውም፤ ባንኮኒው ላይ ቆሞ እስክሪብቶ መያዣ ሆኗል። ጀማሪ እያየው «ይሄን አሳዪኝ» ሲለኝ ስለ አምፔር አላወራም። «ባትሪህ ሲደክም ምን ታደርጋለህ?» ብዬ ነው የምጀምረው። የሚመልሱልኝን ብትሰሙ! አንዱ ፍሪጅ ውስጥ ነው የሚያስቀምጠው።

ሰማንያኛው ቀን ማለዳ ሳን ሆዜ ቤተ ክርስቲያኑ ፓርኪንግ ውስጥ ተሰበሰብን። አጎቴ ሲጋራ ካጨሱ አርባ ሁለት ቀናቸው። ትንሿ ቬፕ የኔ ቦርሳ ውስጥ ናት፤ ራሳቸው ናቸው ያዢልኝ ያሉኝ። ልጃቸው ከመኪናዋ ወርዳ ፊታቸው ቆመች። እጃቸውን ዘረጉላት። ጣታቸውን አሸተተች። አንገታቸውን አሸተተች። ጋቢያቸውን ገልጣ ሸሚዙን አሸተተች። ከዚያ ሄዳ የመኪናቸውን በር ከፈተችና ወንበሩን አሸተተች። በሩን ዘጋችው፣ ሕፃኗን ከነነጭ ልብሷ አንስታ እጃቸው ላይ አኖረቻት።

ከመኪናው እስከ በሩ አርባ እርምጃ ቢሆን ነው። አጎቴ እንዴት እንደሄዱት! ሊያቆም የመጣ መኪና ሁሉ ከኋላቸው ተሰልፎ ቆመ፤ አንዱ ክላክስ ሲያደርግ ዞር ብዬ አፈጠጥኩበት። እሳቸው አልሰሙም። ግማሽ መንገድ ላይ ሕፃኗ አመልካች ጣታቸውን ያዘች፣ ወደ አፏ ወሰደችና ጥርስ በሌለው ድዷ ጥርቅም አደረገችው።

«እዪ፣ እዪ! ነከሰችኝ!» አሉኝ፣ ዓይናቸው ሞልቶ።

«ደክመዋል መስሏት ነው፣ ጋሼ።»